«የእናት ስም» የሚለው መስመር

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? አሁንም ደረጃ ስትወጪ በየመሃሉ ቁጭ እያልሽ «እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ» ትያለሽ ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽ ኪኒን ትንሽ ሻል አደረገሽ? የጋሼ ሳልስ? አንቺ ሚስታቸው ካልተቆጣሻቸው በቀር መድኃኒት እንደማይውጡ አውቃለሁና ተቆጫቸው። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ ማንም እንዳይቀር፣ ኋላ «ሰው አገር ገብታ ኮራችብን» ይሉኛል።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ ቆሜ እሄዳለሁ፣ የቀመስኩት ይረጋልኛል፣ ሥራ ገብቼ እወጣለሁ ማለቴ ነው። የቀረውን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ እንደ ልማድሽ ጮክ እያልሽ ለሰፈር ሁሉ እንዳታሰሚ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሞላው። መልሱን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበትሽ አውርቼ ዘጋሁት። «ምነው ድምፅሽ?» ስትዪኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

ጥያቄሽ እንኳ አጭር ነበር። ጩጬ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ ነው። (እስከ መቼ ጩጬ እንደምንላት እንጃ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ እኮ ነው።) የፈተናው ቅጽ «የእናት ሙሉ ስም» የሚል መስመር አለው። እዚያ የገባው ስም በሰርተፊኬቷ ላይ ይታተምና ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። ቅጹ በሚመጣው ወር መጨረሻ ይሰበሰባል። እኔ ወልጄ ሁለት ዓመት አጠባሁ፣ አንቺ ዐሥራ አንድ ዓመት አሳደግሽ፤ የማንኛችን ስም ይግባ? ነው ያልሽኝ። «አንቺ ያልሽው ይሆናል» ብለሽ ጨረስሽው። በዚህች ቃልሽ ምን ያህል እንደተናደድኩ ብነግርሽ አታምኚኝም። ምነው አንቺው ወስነሽ በነገርሽኝና በተጣላሁሽ!

መልሱን እሰጥሻለሁ። መጀመሪያ ግን በሆዴ የያዝኩትን ላውጣው። ውስጡ አንቺ የማታውቂው፣ ስታውቂው የምታዝኚብኝ ነገር አለ።

የምሠራበትን ቦታ አስተካክዬ ነግሬሽ አላውቅም። አረጋውያን ጋ ነው ስልሽ አንቺ ሳጎርስና ጸጉር ሳበጥር የምውል ይመስልሻል። እኔ የምውለው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ላይኛው ፎቅ ስድሳ ሁለት ሽማግሌና አሮጊት ይኖራሉ፤ የሁሉም ልብስ አብሮ ይታጠባል። እንዳይቀላቀል ከካልሲ እስከ ካፖርት በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም የታተመበት ትንሽ ጥብጣብ ይሰፋል። ስሙን የማትመውም የምሰፋውም እኔ ነኝ። ጥብጣቡ የወለቀበት ልብስ መደርደሪያው ሥር ወዳለው ሳጥን ይገባል፤ በሦስት ወር ውስጥ የእኔ ነው የሚል ካልመጣ ወለል መወልወያ ይሆናል። ስንቱን የሐር ሸሚዝ ወለል ላይ ጎትቼዋለሁ መሰለሽ!

ባለፈው ዓመት አንዲት ጡረታ የወጣች መምህር ገባች። ገና በሳምንቷ ምርኩዟን እያንኳኳች በአሳንሰር ወርዳ እኔ ክፍል ከተፍ አለች። ስሟ ውስጥ ሁለት ጊዜ መጻፍ የነበረበት ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል። ሲነበብ ለውጥ የለውም፣ ድምፁ ያው ነው፤ እኔም ከቢሮ ከተላከልኝ ዝርዝር ላይ ነው የገለበጥኩት። ብነግራት ማን ሰምቶኝ! ጮኸች፣ አለቃዬ እየሮጠች መጣች። ሴትዮዋ ሠላሳ አራት ልብስ አላት። ሠላሳ አራቱንም ፈትቼ በዚያው ቀን እንድሰፋ ታዘዝኩ። አለቃዬ ሴትዮዋን ከሸኘች በኋላ ለሕፃን እንደሚነገር ረጋ ብላ፣ የሰው ስም ማለት ሰውየው ራሱ ነው፣ በዚህ ቀልድ የለም አለችኝ። እኔም አቀርቅሬ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን የራሴን ስም አየሁት።

እሱን የሰጠችኝ እሷው ነች። ሥራ የገባሁ ቀን ስሜን ነገርኳት። አንድ ጊዜ ሞከረችው፤ መካከሉ ላይ ያለችው ጨ ጋ ስትደርስ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ቆመች። ከዚያ ሳቀችና አጠር ያለ የለሽም ወይ አለችኝ። የለኝም አልኳት። ከፊት ቆርጣ፣ ከኋላ ቆርጣ፣ መሃሉን አትማ ሰጠችኝ። በመሃሌ ስጠራ ይኸው ሰባት ዓመቴ። መጀመሪያ ሰሞን ሌላ ሰው የሚጠሩ እየመሰለኝ ዝም ስል «ጆሮዋ አይሰማም» ተብሎ ተወርቶብኛል። ክፉ ሰው እንዳትመስልሽ ደግሞ። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ሾርባ ይዛልኝ ቤቴ ድረስ መጥታለች። በሩ ላይ ከተጻፉት ስሞች የቱ የእኔ እንደሆነ ጠፍቷት የማንን ደወል እንደምትጫን ሳታውቅ ሾርባው ሲቀዘቅዝ አገኘኋት። ያን ቀን ሁለታችንም ሳቅን።

ወረቀቱ ጋ ሲመጣ ግን ሳቁ ቀረ።

ጩጬን ላምጣት ብዬ ያመለከትኩ ጊዜ የያዝኳት ጠበቃ ወረቀቶቼን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ጭንቅላቷን ያዘች። ፓስፖርቴ ላይ ጨን በአንድ ዓይነት ጽፈዋታል፤ ስገባ በተሰጠኝ ካርድ ላይ በሌላ ዓይነት። መኖሪያ ፈቃዴ ላይ አንድ ፊደል ጨምረዋል፤ በጩጬ የልደት ወረቀት ትርጉም ላይ ደግሞ አንድ ጎድሏል። አራት ወረቀት፣ አራት አጻጻፍ፤ በእነሱ ቤት አራት ሴት። የእነሱ ፊደል ጨን የሚጽፍበት ስለሌለው እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደመሰለው ጽፏታል። ጥፋተኛዋ ግን ባለ ስሟ ነኝ። ለምን ስምሽን ትለዋውጪያለሽ ተብዬ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ! አንዱ የቢሮ ሰውማ፣ ወጣት ነው፣ ጥርሱን እየፋቀ ከመጣ ገና ሰዓት አልሞላውም፣ እውነተኛው የትኛው ነው ብሎኝ ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ። እውነተኛው በዚህ ፊደል አይጻፍም አልኩት። እሱን «መልስ አልሰጠችም» ብሎ መዘገበልኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ በዚያ ሳላቸው መዝገብ ቤት ደጅ ሲጠኑ፣ አንቺ በዚያ ጉልበትሽ ምስክር ስትለቅሚ፣ እኔ እዚህ በየቢሮው ተሰልፌ «አራቱም እኔ ነኝ» እያልኩ ስምል ኖርን። ጠላቴ ፊደል ብቻ ነበር የሚመስለኝ። እሱን ካሸነፍኩ ልጄ እጄ የገባች መሰለኝ። ሁለተኛ ክፍል ያለው ቤት የተከራየሁትም፣ አልጋዋን ገዝቼ ያቆምኩትም ያኔ ነው። የአልጋው ፍራሽ ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም። ባለፈው ዓመት ቁመቷን ለክተሽ የነገርሽኝ ጊዜ አልጋውን በሜትር ለካሁት፤ አጥሯታል። ማንም አልተኛበትም እኮ እትዬ፣ አጠረ።

አሁን ወደማታውቂው ልምጣ።

ጩጬ አራት ዓመት ሲሞላት አፀደ ሕፃናት ልታስገቧት ወስዳችኋት፣ የአባት ስም ካልተሞላ አንቀበልም ተብላችሁ ተመለሳችሁ። አባቷ የተባለው ሰው አላውቃትም ካለ ሰንብቷል። ጋሼ «በእኔ ስም ትጠራ» አሉ። ለእኛ ቤት አዲስ ነገር አልነበረም። እኔና አንቺስ ባሳደገን በአጎታችን ስም እየተጠራን አይደል እንዴ እዚህ የደረስነው? የወለደንን ሰው ስም የምንሰማው ሽማግሌዎች ሲጫወቱ ነው። ያሳደገ አባት ነው፣ ስሙን መያዝ ነውር አይደለም፣ ትምህርት ቤትም እንደዚያው ይጽፋል። ይህን ለጠበቃዋ ላስረዳ ስሞክር «ስለዚህ ያንቺም ሰነድ ትክክል አይደለም ማለት ነው» ብላ ደንግጣ በሩን ዘጋችው።

ያኔ ደውለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ያን ጊዜ ሞግዚት ነበርኩ። የሰው ልጅ ገንዳ ውስጥ ነክሬ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ ነበር ያናገርኩሽ። የአባቷስ እሺ፣ የእናቷን መስመር ምን እናድርገው፣ ያንቺን እንጻፍ ወይ አልሽኝ። ጠይቀሽኛል፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። «ያንቺን ጻፊ፣ አጠገቧ የሌለች እናት ስም ምን ያደርግላታል፣ ደግሞስ ለጊዜው አይደል?» ያልኩት እኔ ነኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! የምታጥበው ልጅ ሳሙና ዓይኑ ገብቶ ሲያለቅስብኝ ገና እያወራሽ ዘጋሁብሽ።

ጠበቃዋ ይህን ስትጠይቀኝ እውነቱን አልነገርኳትም። እናት ሆነሽ ስምሽ ከልጅሽ መዝገብ ሲወጣ እንዴት ዝም አልሽ አለችኝ። አፈርኩ እትዬ። ሳያማክሩኝ ነው ያደረጉት አልኳት። እሷም ጻፈችው፣ እኔም ፈረምኩበት። አንቺንና ጋሼን፣ ልጄን እንደ ዓይናችሁ ብሌን የያዛችሁልኝን ሰዎች፣ በወረቀት ከሰስኳችሁ። ለወጉ ነው፣ ማን ያነበዋል ብዬ ራሴን አሞኘሁት።

ለካ ይነበባል። ጩጬን ለቃለ መጠይቅ ወደ ኤምባሲው ይዛችሁ የሄዳችሁ ዕለት ጋሼን ለብቻቸው አስገብተው ያንን አንብበውላቸዋል። ለአንቺ «ተራ ጥያቄ ነው» ብለውሽ እንደወጡ በደብዳቤሽ ጽፈሽልኛል። የሰጡት ቃል ከውሳኔው ጋር ተያይዞ ደርሶኛል። ይህችን ልጅ አመልካቿ ሳታውቅ በስምህ አስመዝግበሃል ወይ ተብለው ተጠየቁ። ውሸቷን ነው፣ ደውለን ጠይቀናታል ማለት ይችሉ ነበር። ቢሉም ሐቅ ነበር። እሳቸው ግን የእኔን ፊርማ አይተዋል፤ እውነቱን ቢናገሩ እኔ ውሸታም ሆኜ ነገሩ እንደሚበላሽብኝ ገብቷቸዋል። «የእኔ ጥፋት ነው፣ እናቷ አታውቅም» ብለዋል። ያንን ሳነብ የሥራ እረፍት ላይ ነበርኩ። ያልታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተደፍቼ ተንሰቀሰቅሁ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስሜ አመልካች ነው፣ ባለጉዳይ ነው፣ ከላይ የተጠቀሰችው ነው። እናቷ ብለው የጠሩኝ ጋሼ ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ ያለው ገጽ የጩጬ ነው። በራሷ እጅ የሞላችው። ጽሑፏ ያንቺን ይመስላል፤ ጭራ ያላቸውን ፊደሎች እንደ አንቺ ወደ ታች ትጎትታቸዋለች። የእናትሽን ሙሉ ስም ጻፊ ይላል፤ ያንቺን ጽፋለች፣ ስርዝ የለው ድልዝ የለው። አመልካቿ ምንሽ ናት ይላል፤ አክስቴ ብላለች። ወደ እሷ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ይላል፤ እማ አብራኝ ከመጣች እሺ።

ማን እንደወለደቻት ከዚያ በፊት ቁጭ አድርገሽ ነግረሻታል። የምራቋ ናሙና ለምን እንደተወሰደም ታውቃለች። ምርመራው እንደሆነ ልጅሽ ናት ብሎልኛል። እነሱ ግን በደም ያንቺ ብትሆንም እናቴ የምትላት ሌላ ናት፣ ካሳደጓት መነጠል አይበጃትም ብለው ዘጉት። የውሳኔው ደብዳቤ ላይ ስሜ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ፣ ሁለት ዓመት እንደተሟገትኩት ሆኖ ተጽፏል። እዚህ አገር ከገባሁ ስሜ ልክ የመጣልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በነጋታው ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ደግነቱ አልላክሁትም። አስጠንተሻታል አልኩሽ፤ ልጄን ቀማሽኝ አልኩሽ። ስለ ማሕፀንሽ የጻፍኩት ነገርም ነበረበት፤ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትሽም፣ የባልሽ ዘመዶች እንኳ ፊት ለፊት ደፍረው ያላሉሽን ነው። ሳነበው ራሴን ጠላሁት፣ ብጭቅጭቅ አድርጌ ጣልኩት። ባታነቢውም ጽፌዋለሁና ይቅር በይኝ።

ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። «ደንግጣ ነው፤ የስምሽ አጻጻፍ ግራ ገብቷት ከምሳሳት የማውቀውን ልጻፍ ብላ ነው» አልሽኝ። እንዴት ደስ የምትል ምክንያት ናት! እሷን ታቅፌ አንድ ሳምንት ኖርኩ። የፊደል ጥፋት ከሆነማ ለምጄዋለሁ፤ ፊደል ይስተካከላል፣ ተሰልፈሽ፣ ምለሽ፣ አስመስክረሽ ይስተካከላል። አንቺ ገበያ የወጣሽበትን ሰዓት ጠብቄ ለጩጬ ደወልኩላት።

ስለ ትምህርቷ ጠየቅኳት፣ ስለ ጓደኛዋ ጠየቅኳት። ከዚያ፣ ያን ቀን የስሜ ፊደል ጠፍቶሽ ነው አይደል፣ እኔ እኮ አልቆጣሽም አልኳት። አይ፣ በአራቱም አጻጻፍ አውቀዋለሁ አለችኝና አራቱንም ፊደል በፊደል እየቆጠረች በቃሏ ወጣችልኝ፤ አንዱንም አልሳተችም። እናንተ ሁለት ዓመት ስትጨቃጨቁበት እሷ ጥግ ይዛ የቤት ሥራዋን እየሠራች ስትሰማ ኖራለች። ታዲያ ለምን የእኔን አልጻፍሽም አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«የጠየቁኝ የእናቴን ስም ነው እኮ እቴቴ» አለችኝ።

በክፋት አይደለም። ስንት ሰዓት ነው ብትያት እንደምትመልስልሽ አድርጋ ነው የመለሰችልኝ። ደግሞም፣ በየዓመቱ ስንመዘገብ የምጽፈውን ነው የጻፍኩት፣ ተቆጣሽኝ እንዴ አለችኝ። አልተቆጣሁም አልኳት። የጫማ ቁጥሯን ጠይቄ ዘጋሁት። ስልኩን ይዤ እዚያው ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ፤ ምን ልሠራ እንደገባሁ ጠፋኝ።

ጠበቃዋ ይግባኝ አለልሽ ብላኛለች፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ። ልጅቷ ተጠንታ ነው የገባችው፣ አሳዳጊዎቿ ለራሳቸው ሊያስቀሯት ሆን ብለው በስማቸው አስመዝግበዋታል ብዬ መፈረም አለብኝ። የሰውየው ቃል በጣም ይጠቅመናል፣ በገዛ አፉ አምኗል አለችኝ። ጋሼ እኔን ሊያድኑ በተናገሩት ቃል እኔ መልሼ ልመታቸው! ይህ ከተፈረመ፣ ያደረጋችሁት በሐሰት ማስመዝገብ ይባላል፣ እዚያ እናንተ ጋ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም፣ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም አለች። ከዚያ ጩጬ ደግማ ትጠየቃለች። እስከዚያ ያንቺን ስም ብትለማመድ ጥሩ ነው አለችኝ።

ብትለማመድ! እትዬ፣ ታየኝ። ደብተሯን ዘርግታ፣ አንቺ አጠገቧ መነጽርሽን አድርገሽ፣ «የእናቴ ስም» ብላ ስሜን ገጽ ሙሉ ስትደግመው። አንቺም እኮ ታስለማምጂያት ነበር፣ አውቅሻለሁ። ተሳሳትሽ ብለሽ ታስደግሚያት ነበር፣ ከዚያ እንባሽን ጓዳ ገብተሽ ትጠርጊ ነበር። ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ ልፈርም ብዬ ተነሳሁ።

እንግዲህ ደግ ሴት አድርገሽ እንዳትቆጥሪኝ። ብዕር ያነሳሁባቸው ቀናት አሉ። ልጄ ናት። ሳምጥ ወገቤን ይዘሽ ያደርሽው አንቺ ነሽ፣ ለአንቺ ምን ይነገራል! እቀናብሻለሁ። ጸጉሯን ስትሠሪያት እቀናለሁ፤ ታማ እንቅልፍ ስትነሳሽ እንኳ እቀናለሁ። ከሁሉ የምቀናው ስትቆጫት ነው። እኔ ልጄን አንድ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም፤ በስልክ እንዴት ይቆጣሉ? «እሺ የእኔ ቆንጆ፣ ጎበዝ የእኔ ቆንጆ» ስል ዐሥራ አንድ ዓመት አለቀ። እንዲህ የሚላት እንግዳ ነው። እንግዳ መሆኔን ከእኔ በፊት ያወቀችው እሷ ናት፤ እሷም ሳትዋሽ ጻፈችው። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ ስሙን የፈረመ ሰው ሁሉ፣ ጋሼም ሳይቀሩ፣ ስለ እኔ ሲባል ወይም በእኔ ምክንያት ዋሽቷል። ያልዋሸችው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷን እንዴት ብዬ ውሸት ላስለማምዳት?

ይግባኙ የሚያበቃው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሥራ ገብቼ አዲስ የመጡ ሽማግሌ ልብስ ላይ ስም ስሰፋ ዋልኩ። ሃያ ስድስት ሸሚዝ አላቸው፤ አንድ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ሃያ ስድስት ሸሚዝ ምን እንደሚያደርግለት እንጃ። ጠበቃዋ ሦስት ጊዜ ደውላለች። ማሽኑ ስለሚጮኽ አልሰማኋትም፤ ወይም እንደዚያ ብያታለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ቅዳሜ ነው።

ቅጹን ስትሞሉ እባክሽ በቃል አታስጽፉ። ጸሐፊው እንደሰማው ይጽፍና ኋላ መከራው ለልጅ ይተርፋል። መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ከመታወቂያሽ ላይ ፊደል በፊደል ያስተያዩልሽ፤ በዚህ በሰው አገር ፊደል የሚጻፈውንም ከዚያው ላይ ይገልብጡት። ማኅተም ሳያርፍበት ጩጬ ራሷ ታንብበው። ቀኑ ሳያልፍባችሁ ይህ በደረሰሽ ማግስት ሂዱ፣ ጉልበቴ ምናምን እንዳትዪ።

የጋሼን ጉልበት ሳሚልኝ። ቃላቸውን እንዳነበብኩት ንገሪያቸው። ምን እንደፈረምኩባቸው ግን ከእሳቸው አፍ ስላልሰማሽው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ፤ እኔ በምን አፌ አናግራቸዋለሁ? ጩጬን እንዳለቀስኩ እንዳትነግሪያት። ፈተናዋን ሳትደነግጥ ትሥራ፤ የማታውቀውን ጥያቄ እያለፈች የምታውቀውን ታስቀድም። ጫማውን ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክላታለሁ። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ ገዝቻለሁ፣ ቶሎ ቶሎ ታድጋለች።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለጋሼም ምሕረቱን ያውርድላቸው። ተምራ፣ ተመርቃ፣ ተድራ ወልዳ ለማየት ያብቃሽ። አጥበው ያሳደጓት እጆችሽ አይዛሉ፤ የእሷን ክፉ አያሳይሽ።

ናፋቂሽ፣

የልጅሽ አክስት